ከአኮፋዳ እስከ ሳምሶናይት

በአገራችን ተማሪ የተባለ ሰው የወላጆቹን ደጅ ለቆ ሲወጣ በትከሻው ላይ ያንጠለጠለው የመጀመሪያው ዕቃ የመጽሐፍ መያዣ አልነበረም፤ የእንጀራ መያዣ ነበረ እንጂ። ይህም አኮፋዳ የሚባለው፣ ከሣር ተሰፍቶ ማንገቻ የተበጀለት፣ ከአንገት ወደ ብብት ተሻግሮ በጎን የሚንጠለጠለው የቆሎ ተማሪ ንብረት ሲሆን፣ ከደበሎውና ውሻ ከሚከላከልበት በትሩ ጋር ሦስተኛ ባልንጀራው ሆኖ ከደብር ወደ ደብር አብሮት ይዞር ነበር። ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ፍለጋ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ወደ ዙር አምባ የተሰደደው ደቀ መዝሙር፣ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የተቀበለውን ቃል ሲያመላልስ ውሎ፣ ከየመንደሩ ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቁራሽ የሚያጠራቅመው በዚያ በአኮፋዳው ነበረ። ልመናውም የችግር ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ያለ ትሕትና አይጸናም ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፣ የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ከባልንጀሮቹ ጋር አኮፋዳውን አንግቦ ይወጣል። እንግዲህ ተማሪ በመያዣው የማይኮራበት፣ ይልቁንም መያዣው የትዕቢት መድኃኒት ሆኖ የሚታዘዝለት ዘመን ነበረ።

መጽሐፍ ደግሞ የራሱ ልብስ፣ የራሱም ቤት ነበረው። በፍየል ወይም በበግ ብራና ተጽፎ፣ በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፣ ቆዳ ለብሶና በመስቀል ድጉስ አጊጦ ሲያልቅ፣ በልኩ በተሰፋ የቆዳ ማኅደር ይገባና ከግድግዳ በተተከለ እንጨት ላይ በማንገቻው ይሰቀላል፤ ባለቤቱ መንገድ ሲሄድም በትከሻው አንግቦት ይጓዛል። ዳሩ ግን አንድ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ፣ የብዙ ወራትም ድካም የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ የማኅደሩ ጌታ ካህኑ ወይም መምህሩ ወይም ደብሩ ራሱ እንጂ ተማሪው አይደለም። ተማሪው የሚማረው በቃሉ ነው፤ የተማረውንም የሚያኖረው በልቡ ነው። በዚህ ዓይነት እንጀራው በአኮፋዳ፣ መጽሐፉ በማኅደር፣ ዕውቀቱ በኅሊና ተለያይተው ብዙ ዘመን ኖሩ። ከዚህ ወዲያ የምተርከው፣ እነዚያ ሁለቱ መያዣዎች እንዴት በተማሪው ትከሻ ላይ አንድ እንደ ሆኑ፣ ኋላም በእኔ የጉርምስና ዘመን እንዴት እንጀራም መጽሐፍም ሳይበዛባቸው ለጌጥ ብቻ እንደ ተያዙ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፍተው ከግብፅ የመጡ መምህራን የአውሮፓ ቋንቋዎችን ማስተማር ሲጀምሩ፣ ተማሪው በየቀኑ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤትም ወደ ቤቱ የሚያመላልሰው አዲስ ዕቃ መጣ፤ ሰሌዳ፣ ደብተር፣ ብርዕና ቀለም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የመኳንንቱ ልጅ በበቅሎ ተቀምጦ አሽከር አስከትሎ ይመጣ ስለ ነበረ፣ ደብተሩን የሚይዘው አሽከሩ ነበር። ዕቃ መሸከም ለጨዋ ልጅ ነውር ሆኖ ይቈጠር ነበርና፣ የተማሪ ቦርሳ የሚባል ነገር ቢመጣ እንኳ የሚያነግበው ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ልበል። በጃፓን የመሳፍንት ልጆች የሚማሩበት ጋኩሹኢን የተባለው ትምህርት ቤት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885፣ ማለት የእኛው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ተማሪዎቹ በሠረገላ እንዳይመጡ ከልክሎ እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ እንዲመጣ አዘዘ። ከ2 ዓመት በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢቶ ሂሮቡሚ ለአልጋ ወራሹ ለዮሺሂቶ የትምህርት ቤት መግቢያ ስጦታ እንዲሆነው ከወታደር የጀርባ ሻንጣ አምሳል የወጣ፣ ሣጥን መሳይ ቦርሳ አበረከቱለት፤ ራንዶሴሩ የሚባለውንና ዛሬ የጃፓን የአንደኛ ደረጃ ልጆች የሚሸከሙትን ቦርሳ የወለደው ይህ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያች አገር ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈውላታል፤ የዘመኑ ምሁራንም እንደ እርሷ በሆንን ብለው ተመኝተዋታል። ከጃፓን ሥልጣኔ ሁሉ ልንቀዳው ይገባን የነበረው ቀላሉና ወጪ የሌለበት ነገር፣ የመስፍንን ልጅ ሸክም ያስለመደው ያ ትእዛዝ ነበረ እላለሁ።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኋላም እቴጌ መነን ለሴቶች ልጆች በስማቸው የሚጠራውን አቋቋሙ። የተማሪው ቍጥር እየጨመረ የነጋዴውና የወታደሩ ልጅ ከመኳንንቱ ልጅ ጎን ባንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጥ ሲጀምር፣ አሽከር የሌለው ሁሉ ደብተሩን በገዛ እጁ ይዞ መሄድ ግድ ሆነበት፤ ልማዱም ቀስ በቀስ ለሁሉ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የመጡት የጣልያን ዘመን 5 ዓመታት ለዚህ ታሪክ የሚሰጡት ነገር የለም፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በተለይ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረ ነው መባል ራሱ ለሞት የሚያበቃ ሆኖ ነበርና።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ትምህርት እንደ ገና ሲቋቋም፣ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፍተው፣ የተመረጡ ልጆች አዳሪ ሆነው ገቡባቸው። አዳሪ ተማሪ መኝታውም መብሉም መማሪያውም ባንድ ግቢ ስለ ሆነ ቦርሳ አያስፈልገውም። ከቤቱ የሚመላለሰው ተማሪ ግን ከሁለት ነገሮች አንዱን ይይዝ ነበር። አንደኛው ከጦርነቱ የተረፈው የወታደር የካኪ ኮሮጆ ነው፤ ይህ ዝናብ የማይደፍረው፣ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ የሚወረስ፣ ሲያረጅም የእንጨት መልቀሚያ የሚሆን ጽኑዕ ዕቃ ነበር። ሁለተኛው እናት ከአሮጌ ሱሪ ወይም ከአቡጀዴ ቈርጣ በእጅዋ የሰፋችው ከረጢት ነው። ልጁ ያፍርበታል፤ እናት ግን የልጅዋን ስም የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ክር ጠልፋበታለችና አላየሁትም ብሎ የትም ሊጥለው አይችልም።

የዚያ ዘመን ዘናጭ ግን ኮሮጆም ከረጢትም አይዝም ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች ሱፍ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በብብታቸው ሸጐጥ አድርገው፣ ርእሱን ወደ ውጭ መልሰው በአራት ኪሎ ሲያልፉ የሚያዩዋቸው የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ሁሉ መጽሐፍን በብብት መያዝ የሥልጣኔ ምልክት መሆኑን ወዲያው ተረዱ። መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ይሁን የራሱ፣ የተነበበ ይሁን ያልተነበበ የሚጠይቅ የለም፤ ጠርዙ በላብ ወይቦ ገጹ መገላለጡን ካሳየ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ከመጡት የተማሪ ጌጦች ሁሉ ይህ ሐቀኛው ይመስለኛል፤ ቢያንስ የሚታየው መጽሐፉ ራሱ ነበረና።

ከዚህ በኋላ እኔ ራሴ ወዳየሁት ዘመን እገባለሁ። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላኖች አስመጣ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካን አንድነት ድርጅት መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት መግቢያ ላይም ከአሜሪካ የሰላም ጓድ የተባሉት ከ270 የሚበልጡ ወጣቶች መጥተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በመምህርነት ተመድበው ነበር። ከተማው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ውጭ ዓለም የተከፈተ መሰለን። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የዓለም አየር መንገዶች ስማቸው የታተመበት ትንሽ የትከሻ ቦርሳ ለመንገደኞቻቸው ይሰጡ ነበርና፣ ያ ቦርሳ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ከማያውቀው የአዲስ አበባ ተማሪ ትከሻ ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። እንዲያው ልንገራችሁ፤ እኛ የዚያ ዘመን ጐረምሶች ያንን ቦርሳ የተመኘነውን ያህል የተመኘነው ነገር ቢኖር የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ የለበሰው ቤልቦተም ሱሪ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ቈይቶ ነው የመጣው።

የእኔ ቦርሳ የመጣው በአውሮፕላን ማረፊያ ይሠሩ ከነበሩ ጎረቤታችን ዘንድ ነው። እናቴ በጥምቀት ሰሞን ጠላ ጠምቃላቸው ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ለዚህ ልጅ ያቺን ቦርሳ ብትሰጡልኝ» ብላ ለመነቻቸው፤ እርሳቸውም ከአልጋቸው ሥር አውጥተው አቧራውን በእጃቸው መዳፍ ጠርገው ሰጡኝ። ሰማያዊ ነበረች። ቆዳ የሚመስል ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ጠርዟ ነጭ፣ አፏ ከዳር እስከ ዳር በሚሄድ ዚፕ የሚዘጋ፣ በጎኗ የአየር መንገዱ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈባት፣ ማንገቻዋ በብረት ዘለበት የሚረዝምና የሚያጥር ነበረ። ስትከፈት የምትሸተው ሽታ፣ የአዲስ ፕላስቲክና የሩቅ አገር ሽታ፣ ዛሬም አዲስ ታክሲ ውስጥ ስገባ ድንገት ይመጣብኛል። በውስጧም አምስት ደብተር፣ የጂኦሜትሪ መሣሪያ የያዘ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ቀለሙ እየፈሰሰ ታችኛውን ጥግ ሰማያዊ አድርጎ ያበላሸው እስክሪፕቶ፣ ማበጠሪያ፣ እናቴም በወረቀት ጠቅልላ የምታስገባው ቆሎ ይገኙ ነበር። መጻሕፍት እንደሚገባ አይገቡባትም፤ ወርዷ ለደብተር እንኳ ስለሚጠብ የደብተሮቼ ጠርዝ ሁልጊዜ ይታጠፍ ነበር። ይህን ጕድለት አስቤበት አላውቅም።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ጎጃም ወርደው ቅኔ የተቀኙ፣ አኮፋዳ አንግበው በየመንደሩ የዞሩ ሰው ናቸው። ቦርሳዬን ሳሳያቸው ተቀብለው በሁለት እጃቸው ወዲያና ወዲህ አገላበጧት፤ በጣታቸው ጫኑዋት፤ አፍንጫቸውንም አስጠግተው አሸተቷትና «አየር አያስገባም» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ስላልገባኝ ዝም ብዬ አየኋቸው። «እንጀራ ቢገባበት በአንድ ሌሊት ይሻግታል፤ ሣሩ ነው ለቁራሽ የሚበጀው» ብለው መለሱልኝ። አያቴ በዚያ ቅጽበት ቦርሳዬን የመረመሩት በሙያ ዐይን ነበረ፤ ለእርሳቸው የተማሪ መያዣ ፈተናው አንድ ነው፣ እርሱም ምግብ ሳይበላሽ ማሳደሩ ነው። እኔም «አባባ፣ ለእንጀራ አይደለም» ብዬ ልከራከር ፈልጌ፣ ቆሎው በወረቀት ተጠቅልሎ ታችዋ ላይ መኖሩ ትዝ ስላለኝ ተውኩት።

ቦርሳ አያያዙም ራሱን የቻለ ሥርዐት ነበረው። ማንገቻው በአንድ ትከሻ ላይ ብቻ ይውላል፤ ከአንገት ወደ ብብት አሻግሮ የሚያነግበው የገጠር ልጅ ወይም ፖስታ አመላላሽ ይባላል። ዚፑ እስከ መጨረሻው አይዘጋም፤ ጥቂት ክፍት ሆኖ የደብተሩ ጫፍ ይታያል። ስሙ የተጻፈበት ጎን ወደ ውጭ ይዞራል፤ ይህን ለመናገር እንኳ አያስፈልግም። የውጭ አየር መንገድ ስም ያለበት ደግሞ ከእኛው አየር መንገድ ይበልጥ የተከበረ ነበርና፣ ከክፍላችን አንዱ የጀርመኑን ሉፍታንዛ ሲይዝ ሌሎቻችን ለሳምንት ያህል ባናኰርፈውም አላነጋገርነውም። ሴቶቹ ልጆች በበኩላቸው በቤት ባልትና ክፍል ጊዜ በኪሮሽ የሠሩትን ቦርሳ ይይዙ ነበር፤ ደብተራቸውን ግን ከደረታቸው ጋር አቅፈው ነው የሚሄዱት፤ ቦርሳው ለመስተዋትና ለመሐረብ ነው። የፕላስቲኩ ቦርሳ የመጀመሪያ ሕመሙ በማዕዘኑ መሰንጠቅ ነው፤ ቀጥሎ ማንገቻው የተሰፋበት ቦታ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ ጫማ ሰፊው ዘንድ ተወስዶ በሰም በተለበጠ ክር ይጠገናል። የጫማ ሰፊው ስፌት ከቦርሳው ይበልጥ ይበረታ ነበርና፣ በመጨረሻ ቦርሳው አልቆ ስፌቱ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ነበረ።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን የጌጥ ብቻ ዘመን አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ከወጡ ጀምሮ፣ ጌጥና ትግል በአንድ ተማሪ ልብ ውስጥ ሲጣሉ ኖረዋል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኮንን አዳራሽ የተሰናዳው የፋሽን ትርኢት፣ ባህላችንን የሚያዋርድ የባዕድ ሥራ ነው ባሉ ተማሪዎች ተቃውሞ ሁከት ተነሥቶበት፣ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው እስከ መዘጋት ደረሰ። እኛ ታናናሾቹ ይህን ስንሰማ ግራ ገባን፤ ምክንያቱም ትርኢቱን ያወገዙት ታላላቆቻችን ራሳቸው ፀጉራቸውን አጐፍረው፣ ቦርሳቸውን በአንድ ትከሻ አንጠልጥለው የሚሄዱ ነበሩ። ያ ቦርሳም ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ጠዋት ማበጠሪያና ደብተር ይይዛል፤ ማታ የተከለከለ ወረቀት ይይዛል። ፖሊስም ይህን እያወቀ ሲሄድ ከሰልፍ በኋላ መንገድ ላይ የሚፈተሸው መጀመሪያ ባለ ቦርሳው ሆነ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሳምሶናይት መጣ። ይህ ስም በእኛ አገር የማንኛውም ጠንካራ የእጅ ቦርሳ ስም ሆኖ ቢቀርም፣ በእውነቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1910 ጄሲ ሽዌይደር የተባለ ሰው በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ያቋቋመው፣ ስሙንም በመጽሐፈ መሳፍንት ከተነገረለት ኃያሉ ሶምሶን የወሰደ የሻንጣ ኩባንያ ነው። ዕቃው ለሹማምንትና ለነጋዴዎች የተሠራ እንጂ ለተማሪ አልነበረም። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ዳይሬክተሮች ይዘውት ሲገቡ እያየን ያደግን ልጆች ግን ቦርሳው ሹመቱን ይዞ የሚመጣ መስሎን፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ሳምሶናይት የሌለው ተማሪ ሊሆን የሚመኘውን የሚሆን አልመሰለንም። ከክፍላችን የመጀመሪያውን ይዞ የመጣው የጠበቃ ልጅ ነበረ። ጥቁር ነው፤ ሁለት መቈለፊያ አለው፤ መቈለፊያውም በቍጥር የሚከፈት ነው። መምህሩ ገብተው ሁላችን ተነሥተን ከተቀመጥን በኋላ፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ እርሱ ሁለቱን መቈለፊያ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ይከፍታል። ውስጡ ያለው አንድ ደብተርና የዕለቱ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። መምህሩ በሦስተኛው ቀን «አንተ ልጅ፣ ወይ ከእኔ በፊት ክፈት፣ ወይም ከእኔ በኋላ አትክፈት» ብለው ተቈጡት።

እኔ ሳምሶናይት አልገዛሁም፤ አባቴ ሁለት ጊዜ ቢለመን ሁለት ጊዜ ሳቀ። ነገር ግን የባልንጀሮቼን እየተዋስኩ ይዤዋለሁና ስለ እርሱ የምናገረው የሰማሁትን አይደለም። ለተማሪ የማይስማማ ዕቃ ነበረ፤ ባዶውን እንኳ ይከብዳል፤ በዝናብ ቀን እጅን ያቀዘቅዛል፤ በአውቶቡስ ግፊያ የሰውን ጕልበት እየመታ ያሰድባል። ጥቅሙ አንድ ብቻ ነበረ፤ ለብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ረጅም ሰልፍ ስንቆም እንቀመጥበት ነበር። የመቈለፊያው ምስጢር ቍጥርም የባለቤቱ የልደት ዓመት መሆኑን ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበርና፣ ከተቈለፈው ሳምሶናይት ውስጥ ጋዜጣው ብዙ ጊዜ እየጠፋ ይገኝ ነበር።

የካቲት 1966 ዓ.ም. መጣ፤ ዘውዱ ወደቀ፤ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሠማሩ። የአየር መንገዱ ቦርሳም ሳምሶናይቱም ቤት ቀሩ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲያ፣ ቤት ለቤት አሰሳ በተጀመረበት ጊዜ፣ ቦርሳ ይዞ በመንገድ መሄድ ራሱ ጥያቄ የሚያስነሣ ሆነ። አንዳንድ እናቶች በዚያ ወራት የልጆቻቸውን ቦርሳ በምድጃ አቃጥለዋል፤ ያቃጠሉት በውስጡ ስላለው ነገር ሳይሆን በውስጡ ምን እንዳለ ስላላወቁ ነው። የእኔዋ ሰማያዊ ቦርሳ መጨረሻም እዚያው ነው። ስለዚህ ስለዚያ ዘመን ቦርሳ የምንናፍቅ ሰዎች ስንገናኝ፣ ጨዋታው እስከ 1966 ዓ.ም. ይሞቅና ከዚያ ወዲህ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል።

ደርግ ትምህርትን አስፋፋ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ሽማግሌና ባልቴት ሳይቀሩ ፊደል ቈጠሩ። በከተማው ግን ክፍሉ ጠቦ ተማሪው በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ተከፈለ፤ መጽሐፉም አንሶ አንዱን ለብዙ ልጆች አካፈሉት። መጽሐፍ ከሌለ ቦርሳ ምን ያደርጋል? ሁለት ደብተር ተጠቅልሎ በሱሪ የኋላ ኪስ ይሸጐጣል፤ ዝናብ ሲመጣ በፌስታል ይገባል። በእኔ ልጆች ዘመን ፌስታል እንኳ ጌጥ ነበረው፤ ከውጭ አገር ሱቅ የመጣ፣ ሥዕል ያለበት ወፍራም ፌስታል ያገኘ ልጅ እስኪቀደድ ድረስ በክብር ይይዘው ነበር። በመንፈሱ ከእኛው የአየር መንገድ ቦርሳ የሚለይበት ነገር አላየሁም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ በተለይም በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጥቶ የግል ትምህርት ቤት ከተስፋፋ ወዲህ፣ መርካቶ በጀርባ ቦርሳ ተጥለቀለቀ። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ጃንስፖርት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ሦስት ወጣቶች ለተራራ ወጪዎች ብለው የጀመሩት ይህ ሥራ፣ ከእነርሱ አንዱ እጮኛውን ብታገቢኝ ስምሽን እሰጠዋለሁ ብሎ በስሟ የሰየመው ሲሆን፣ የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዝናብ መጽሐፋቸውን ስላዳነላቸው ከተራራ ወርዶ የተማሪ ዕቃ ሆነ። ወደ እኛ የደረሰው ግን አብዛኛው እውነተኛው ሳይሆን በስሙ የተሠራው ነበር፤ ዚፑ ኅዳር ሳይደርስ ይለቃል። ልጄ ያንን ቦርሳ ሲይዝ ሁለት ማንገቻ እያለው በአንዱ ብቻ አንጠልጥሎ፣ ሌላውን በነጻ ለቆ፣ ከወገቡ በታች እንዲወርድ አርዝሞ ስለ ሄደ፣ ጀርባህ ይጣመማል ብዬ ስቈጣው እናቱ ከማዕድ ቤት ሆና ሳቀች። ለምን እንደ ሳቀች ሁለታችንም አውቀናል፤ እርሷም በዚያ ዘመን ኪሮሿን ያንጠለጠለች ናትና።

አሁን የምጠይቀው ጥያቄ፣ እኛ ሽማግሌዎች የቀሰምነውን ትምህርት ረስተን ቦርሳውን የማንረሳው ስለ ምን ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው የወጣትነት ናፍቆት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ምክንያቱ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ይመስለኛል። የደንብ ልብስ በሚለበስበት ትምህርት ቤት ሸሚዙ አንድ፣ ሱሪው አንድ፣ ፀጉሩ በመምህር ትእዛዝ የሚቈረጥ፣ ወንበሩም በስም ተራ የሚሰጥ ነው። ልጁ እኔ ይህ ነኝ ብሎ የሚያሳይበት ቦታ ከትከሻው ላይ ካለው ከዚያች ዕቃ በቀር አልተተወለትም። አያቴ በአኮፋዳ ዝቅ ማለትን ተማሩ፤ እኛ በቦርሳ መታየትን ተማርን። ሁለቱን አወዳድሮ የኋለኛውን ማዋረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ አልታይም ብሎ የሚኖር ፍጥረት አይደለምና።

በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ማደል፣ ምግብም ማብላት ጀመረ፤ ይህ ብዙ እናቶችን ከጭንቀት ያወጣ የተመሰገነ ሥራ ነው። ልብሱ ከመንግሥት፣ ደብተሩ ከመንግሥት ሲሆን ልጁ በገዛ ምርጫው የሚይዘው ነገር ከቀድሞው ይልቅ ያንሳል። እንግዲህ በጳጕሜን ልጃችሁን ይዛችሁ መርካቶ የምትወርዱ ወላጆች ሆይ፣ ስፌቱን ጎትታችሁ፣ ዚፑን ደጋግማችሁ ዘግታችሁና ከፍታችሁ እናንተ መርምሩ፤ ቀለሙን ግን ለእርሱ ተዉለት።